በደብረ ብርሃን አዲስ ቤት ለመሥራት መሠረቱን መቼ ማስቆፈር ይሻላል?

የጠባሴው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከወላጆቼ በደረሰኝ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ፎቅ የሌለው ባለ አራት ክፍል የብሎኬት ቤት ለመሥራት አስቤ፣ ፕላኑንም የግንባታ ፈቃዱንም በሐምሌ ወር ጨርሻለሁ። አሁን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደርሰናል፤ ያልተወሰነው ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራውን እንዲይዝልኝ ያነጋገርሁት ኮንትራክተር፣ «በክረምት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ በእጅ ዋጋው ላይ ቅናሽ አደርግልሃለሁ፤ አርማታ ደግሞ ውኃ ይወዳል፤ ዛሬ ነገ ሳንል እንቆፍር» ይለኛል። የእናቴ ወንድም በበኩላቸው የመስቀል ደመራ ሳይበራ አካፋ መሬት እንዳይነካ አጥብቀው ያስጠነቅቁኛል፤ እንዲያውም በእርሳቸው ጊዜ የድንጋዩ መሠረት ከወጣ በኋላ አንድ ክረምት እንዲያልፍበት ይተው እንደነበር ይነግሩኛል። የወጪውን ግማሽ የምትሸፍነው እኅቴ የምትኖረው ጂዳ ሲሆን፣ የዓመት ፈቃድ የምታገኘው በጥር ስለሆነ ሥራው ያን ጊዜ እንዲጀመርና በዓይኗ እንድታየው ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስለምሠራ ቦታው ላይ መገኘት የምችለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

ስለ መሬቱ ልጨምር። ቦታው ትንሽ ተዳፋት ነው። የላይኛው ወገን ጥቂት ሲቆፈር ድንጋይ የሚያገኝ ቡናማ አፈር ነው፤ የታችኛው ወገን ግን በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ሦስቱም ሰዎች የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው ማንን እንደምሰማ አላወቅሁም። ቁፋሮው በየትኛው ወር ቢጀመር ይሻላል? የትኛውስ ሥራ በየትኛው ወር ላይ ቢውል ነው የሚጠቅመኝ?

ፎርማን ዘደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ የኮንትራክተሩ ቅናሽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቅናሹ ለማን እንደሚጠቅም ማሰብ ያስፈልጋል። በክረምት ሥራ ሲጠፋ ፌራዮው (ብረት አሳሪው) እና አናጺው ወደ ሌላ እንዳይሄዱበት ይዟቸው መቆየት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ነውር የለበትም፤ እርስዎ ግን ለዚያ ሲሉ በነሐሴ ቦይ መክፈት አይገባዎትም።

በዚህ ወር ጥቁር አፈር ላይ የተቆፈረ ቦይ ጠዋት ሠራተኛው ሲመጣ ውኃ አቁሮ ይጠብቀዋል። እስከ ረፋድ በባልዲ ሲቀዳ ይቆያል፤ ውኃው ካለቀ በኋላ ደግሞ የተረገጠው ወለል ለስልሶ እግር ይይዛል፤ ያ የላላ አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ የቦዩ ጎን ተንዶ የጠዋቱን ልፋት ይቀብረዋል። ስለዚህ አንዱ ቁፋሮ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ የተባለው ቅናሽም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያልቃል።

አሸዋውም ሌላ ጣጣ ነው። ክረምት ላይ ወንዞች ስለሚሞሉና መኪና እንደ ልብ ስለማይገባ ዋጋው ይወጣል፤ የሚመጣውም ደለል የበዛበት ነው። አሸዋ በማንኛውም ወር ሲገዙ ከመኪናው ሳይራገፍ ይሞክሩት። ቀጥ ያለ ሃይላንድ ወይም ጠርሙስ ይያዙ፤ እስከ ግማሹ አሸዋ ይጨምሩበት፤ ውኃና ቁንጥር ጨው አክለው በደንብ ከበጠበጡ በኋላ ሳይነኩ ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይረጋል። በአገራችን የደረጃ መስፈርት ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት፤ ይህም ማለት 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጭቃ ከታየ ሾፌሩን አመስግኖ ማሰናበት ነው። ሾፌሩ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

እኔ ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉ የምመክረው ከጣሪያው ወደ ኋላ እንዲቆጥር ነው። ቆርቆሮው እስከ ግንቦት አጋማሽ ካልተመታ ግድግዳው ክረምቱን ራቁቱን ይቀበላል፤ ብሎኬቱ ውኃ ይጠጣል፤ ለጣሪያ የተዘጋጀው እንጨት ይጣመማል፤ ግቢ ውስጥ የተከማቸው ሲሚንቶም ይጋገራል። ከግንቦት ወደ ኋላ ሲቆጠር ቁፋሮው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ጥር ላይ ከተጀመረ ግን፣ ወሩ ለሥራ ምቹ ቢሆንም፣ መሠረቱ ሲያልቅ በልግ ይደርሳል፤ በእኛ በኩል ደግሞ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ አንድ ዓመት ይቀራል፣ አንድ ዓመት ክረምት ይመስላል።

ሌላም በሒሳብ መግባት ያለበት ነገር አለ። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም ድንጋይ የማያነሣ ግንበኛ በከተማችን ብዙ ነው፤ እሑዶቹ ሲጨመሩበት በወር 26 ቀን ይሠራል ተብሎ የወጣ መርሐ ግብር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ስለሚደርስ ከገጠር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ይቀንሳል፤ የቀረውም ዋጋ ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ቁፋሮና የድንጋይ ማጓጓዝ ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይበጃል።

ሲቪል መሐንዲስ

የፎርማኑን ምክር በአብዛኛው እጋራለሁ፤ በተለይ ከጣሪያው ወደ ኋላ መቁጠሩ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች አልተነሡም፤ አንዱ ጥቁር አፈሩ በበጋ የሚያመጣው ችግር፣ ሁለተኛው ውርጩ ነው።

ጥቁር አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ፣ በለቡና በቦሌ በኩል የተሠሩ ብዙ የአጥር ግንቦችና አነስተኛ ቤቶች የተሰነጠቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ክረምት ላይ መቆፈር አስቸጋሪ የመሆኑን ያህል፣ በበጋ ተቆፍሮ ለሳምንታት ክፍቱን የተተወ ቦይም አደገኛ ነው። ፀሐይ ሲመታው ወለሉና ጎኑ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ መሠረት ከተቀመጠ በኋላ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ሲደርሰው ያብጥና ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይወጣል። ስለዚህ ከወሩ ይልቅ አስፈላጊው ነገር ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ሳይውል ሳያድር የታችኛው ስስ አርማታ እንዲፈስስ፣ ግንቡም እንዲከተለው ማድረግ ነው። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ሲሚንቶው ቦታው ላይ ሳይደርስ ቁፋሮ እንዳይጀመር የምመክረው ለዚህ ነው።

በእርስዎ ቦታ ላይ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንዱ ቤት ግማሹ ድንጋያማ፣ ግማሹ ጥቁር አፈር ላይ ማረፉ ነው። የላይኛው ወገን ባለበት ሲቆም የታችኛው በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቤቱም መሐል ላይ ይሰነጠቃል። መሬቱ የሚፈቅድ ከሆነ ቤቱን በሙሉ ወደ ላይኛው ወገን ስቦ ታችኛውን ለግቢ መተው ከማንኛውም መፍትሔ ይረክሳል፤ ፕላኑን ማስተካከልና በፈቃዱ ላይ ለውጡን ማስመዝገብ ጥቂት ጊዜ ቢወስድም ያለንበት ወር ለዚህ የተመቸ ነው። የማይቻል ከሆነ ጥቁሩ አፈር ጥልቀቱ እስከ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት። አንድ ሜትር ገደማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በገረጋንቲ (በጠጠራማ የሙሌት አፈር) መተካት ይቻላል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን በግምት ከመሥራት በፊት የአፈር ምርመራ ማስደረግና መሠረቱ በዚያ መሠረት እንዲነደፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ክረምት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሁን በነሐሴ፣ በላይኛውም በታችኛውም ወገን አንዳንድ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ጥቁሩ አፈር የት እንደሚያልቅ፣ ድንጋዩ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ፣ ውኃው እስከ የት ከፍ ብሎ እንደሚቆም የሚታየው አሁን ነው። በጥር የሚመጣ ሰው ደረቅ ጉድጓድ አይቶ «ውኃ የለበትም» ብሎ ይሄዳል። ዝናብ እየዘነበ ሳለ በቦታው ላይ መቆም ደግሞ ጎርፉ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያሳያል፤ የፍሳሽ ቦዩና የወለሉ ከፍታ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ወደ ውርጩ ልመለስ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በፈሰሰ በመጀመሪያው ሌሊት ውርጭ የመታው አርማታ ውስጡ ይላላል፤ ላዩ ደኅና መስሎ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ይነሣል። ቅዝቃዜው ወደ በረዶነት ባይደርስም እንኳ የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገየዋል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አርማታው በጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይፍሰስ፤ ቀኑን ሙሉ ሙቀት አግኝቶ ይምሽበት፤ ማታ በላስቲክ ተሸፍኖ ከላዩ ጭድ ወይም ጆንያ ይደረብበት። ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ቢም (አግዳሚ አርማታ) ማፍሰስ በአዳማ ምንም አይደለም፣ በደብረ ብርሃን በኅዳር ግን ጥፋት ነው። በእነዚህ ወራት ከፒ.ፒ.ሲ. (ፖዞላና ከተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይልቅ ኦ.ፒ.ሲ. (ተራው ፖርትላንድ) ሲሚንቶ ቶሎ ስለሚጠነክር ለቢምና ለኮለን (ለቋሚው አርማታ) እርሱን ይምረጡ።

«አርማታ ውኃ ይወዳል» የሚለውም መታረም ያለበት አባባል ነው። ውኃ የሚወደው ከረጋ በኋላ ነው፤ ሲቦካ የገባበት ትርፍ ውኃ ግን ጥንካሬውን ይቀንሰዋል፣ ገና ሳይረጋ የወረደበት ዝናብም ሲሚንቶውን ከላዩ አጥቦ ይወስደዋል። በበጋ ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስና የቀን ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደርቁት ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፒ.ፒ.ሲ. ከሆነ ለ10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት አለበት። በርሜልና የውኃ ቦቴ ወጪ ከአሁኑ በጀትዎ ውስጥ ይግባ።

የያቤሎው

ከደብረ ብርሃን ውጭ ሆነው ይህን ለሚያነቡ አንድ ነገር ማከል እፈልጋለሁ። «ከመስቀል በኋላ ጀምር» የሚለው ምክር ለሰሜንና ለመካከለኛው ደጋ እንጂ ለአገሩ ሁሉ አይሆንም። እኛ ዘንድ በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው፣ ጋና የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው፣ ሐጋያ የሚባለው፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይዘንባል። አዲስ አበባ በዝናብ ስትጥለቀለቅ እኛ አዶሌሳ በሚባለው ወቅት ላይ ነን፤ ሰማዩ ደመናማ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግንበኛ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ከደጋው የመጣ ኮንትራክተር የለመደውን ይዞ በጥቅምት ቁፋሮ ሲጀምር ሐጋያ ይቀበለዋል። ጎሬና አካባቢው ደግሞ ዝናቡ ለብዙ ወራት ስለሚዘልቅ ደረቁን ጊዜ በጥንቃቄ ቆጥሮ መጠቀም ግድ ነው።

የአንጎለላዋ

ልጄ፣ እነዚህ ወንድሞችህ ስለ ብሎኬቱ በቂ ነግረውሃል። እኔ የምነግርህ ከዋናው ቤት በፊት ስለምትሠራት ትንሽ ቤት ነው። አንተ አዲስ አበባ ሆነህ፣ እኅትህ ዐረብ አገር ሆና ያለ ጥበቃና ያለ ዕቃ ቤት ሥራ አይጀመርም፤ ሲሚንቶውም ፌሮውም ሌሊት እግር ያወጣል። ያችን ቤት ከባሕር ዛፍና ከጭቃ ብታሠራት በኋላም ማዕድ ቤት ትሆንሃለች።

ጭቃ ቤት ግን የራሱ ወቅት አለው። ጭዱ እንደ ልብ የሚገኘው ውቂያ ሲያልቅ ነው፤ ለምርግ የሚመረጠው የጤፍ ጭድ ነው፣ የገብሱ ይሻክራል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየተጨመረበት ሲቦካ ሽታው እስኪለወጥ ይቆያል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርግ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ ሦስተኛውና ስሱ ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ደርቆ የሚያልቀው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ፀሐይ ነው፤ በነሐሴ የተመረገ ቤት ግድግዳው ሣር ያበቅላል። አንተ ደግሞ ዕቃ ቤቷን የምትፈልጋት በመስከረም ስለሆነ አሁን አጣናውን አቁመህ ጣራዋን ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋንም ለጊዜው ቆርቆሮ አድርጋት፤ ምርጉን ጥር ላይ ታስመርጋለህ። ሲሚንቶው መሬት ሳይነካ በሳንቃ ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ይራቅ።

የጣሪያውን እንጨት ነገር አደራ። ባሕር ዛፉን ለመጋቢት የምትፈልገው ከሆነ በታኅሣሥ ግዛው፤ ልጡ ተልጦ በጥላ ሥር ተጋድሞ ይድረቅ። እርጥቡን ካስመታኸው ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩን ይተፋል፣ ቆርቆሮውም በነፋስ ይንቋቋል። ለእኅትህም በጥር መጥታ የምታየው ባዶ ጉድጓድ ከሚሆን ግድግዳው ሲወጣ ብታይ ይሻላታል፤ ንገራት፣ ትረዳሃለች።

የጠባሴው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እትዬ፣ የዕቃ ቤቷን ነገር ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር። ለእኅቴም ጉዳዩን አስረዳኋትና ተስማምታለች። ኮንትራክተሩ እስከ መስከረም መጨረሻ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ሆኗል፤ ነገር ግን ዋጋ ሳይጨምር በማለት የፌሮውንም የሲሚንቶውንም ሙሉ ክፍያ አሁን እንድሰጠው ይጠይቀኛል። ይህ ተገቢ ነው? ሁለተኛ፣ አጎቴ እንደሚሉት መሠረቱን አውጥቶ አንድ ክረምት ማሳለፍ በዛሬ አሠራር ያስፈልጋል ወይ? በገንዘብ በኩል አንድ ዓመት ማረፉ አይከፋኝም ነበር።

ሲቪል መሐንዲስ

ፌሮውን ራስዎ ገዝተው በራስዎ ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተሸፈነ አይጎዳም፣ ላዩ ላይ የሚታየው ስስ ዝገትም የሚያሳስብ አይደለም። ሲሚንቶ ግን ለወራት የሚከማች ዕቃ አይደለም። በደኅና መጋዘን እንኳ ከሦስት ወር ካለፈ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለመሠረቱ የሚያስፈልገውን ብቻ በመስከረም ይግዙ፣ ቀሪውን ሥራው በደረሰ ቁጥር። ገንዘቡን በኮንትራክተሩ እጅ ከማስቀመጥ ክፍያውን በሥራው ደረጃ መክፈል ይሻላል፤ አንዱ ክፍያ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ሌላው ግድግዳው ሲወጣ፣ ሦስተኛው ጣሪያው ሲመታ። እርስዎ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሚገኙ ሊሸፈን የተቃረበ ሥራ፣ ማለትም የቦዩ ወለልና የታሰረው ፌሮ፣ ሳያዩት አርማታ እንዳይፈስስ በውሉ ላይ ይግባ።

አጎትዎ የሚሉት ምክንያት አለው። ቀድሞ ወለሉ ሥር የሚገባው ሙሌት በመጠቅጠቂያ ሳይመታ ስለሚቀር፣ ክረምቱ ውኃ አጠጥቶ ያስቀምጠው ነበር። ዛሬ ገረጋንቲው በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብርብ እየተረበረበና በየድርቡ ውኃ እየጠጣ ከተጠቀጠቀ መጠበቅ አያስፈልግም። ኮንትራክተሮች በበጋ የሚዘሉት ይህንን ውኃ ማጠጣት ነው፤ ደረቅ ገረጋንቲ ቢደበደብ ቢደበደብ አይተኛም፣ ወለሉም ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። የገንዘብ ዕረፍት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ግን ማረፊያው ከጣሪያው በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቆርቆሮው ከተመታ፣ ቦይና አሸንዳው ውኃውን ከግድግዳው ካራቀ፣ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ከተሠራ ክረምቱ ለሥራው ጠላት አይሆንም፤ የውስጥ ልስኑን በሐምሌና በነሐሴ ማሠራት ይችላሉ፣ ቶሎ ስለማይደርቅም አይሰነጠቅም። ቀለሙን ብቻ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ለጥቅምት ያቆዩት፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይነፋና ይላጣል።

በጥቁሩ አፈር በኩል ቤቱን ወደ ላይ መሳብ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሙከራ ጉድጓዶቹን ልኬት ፕላኑን ለሠራው መሐንዲስ ያሳዩ፤ የመሠረቱን ጥልቀት መወሰን የእርሱ እንጂ የኮንትራክተሩ ሥራ አይደለም። ጉድጓዶቹ እስከ መስከረም ክፍት ስለሚቆዩ በሳንቃ ይሸፈኑ፤ ሕፃናትና ከብት የሚያልፉበት ቦታ ከሆነም ዙሪያቸውን በእሾህ ያሳጥሩ።